ማዕዘኑን የማይለቅ መጋዝ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ ካለች አንዲት ክፍል አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቦታ አዘጋጅቼ በዕረፍት ቀናት የፎቶ ፍሬም፣ የመጻሕፍት መደርደሪያና ትናንሽ ጠረጴዛዎች እሠራለሁ። እስከ ዛሬ የምቆርጠው በእጅ መጋዝ ነበር፤ አሁን ግን ኮምፓውንድ ማይተር መጋዝ፣ ማለትም እንጨትን በተፈለገው ማዕዘን የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ለመግዛት ወስኛለሁ። ያማከርኳቸው ሰዎች ባለ 12 ኢንች ዲስክ ተንሸራታች መጋዝ ከገዛሁ ሌላ እንደማያስፈልገኝ ይነግሩኛል። ክፍሌ ግን ጠባብ ናት፤ ለፍሬም የምጠቀምባቸው ጣውላዎች ከ90 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይሰፉም፤ የመደርደሪያ ጣውላዎቼ ብቻ 250 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹ ይበቃኛል? የዕረፍት ቀን አናጺ ነኝ።

መልስ፦ ከጻፉልን ተነሥቼ ስመዝነው ለእርስዎ የሚሻለው ባለ 10 ኢንች፣ ማለትም 254 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው፣ የማይንሸራተት መጋዝ ነው። ብዙ ሰው ትልቁ መጋዝ የትንሹንም ሥራ አብሮ ስለሚሠራ ትልቁን መግዛት ብልህነት ይመስለዋል። በፍሬም ሥራ ግን እንዲህ አይደለም፤ ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳዎት።

ኮምፓውንድ የሚለው ስያሜ መጋዙ ሁለት እንቅስቃሴዎችን በአንድ ቁርጥ ላይ ማጣመር እንደሚችል ይገልጻል። ዲስኩን የተሸከመው ክንድ ከክብ ጠረጴዛው ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ዲስኩ ደግሞ ከቀጥታ አቋሙ ወደ ጎን ያጋድላል። ለፎቶ ፍሬም የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ማጋደሉ የሚጠቅመው የሣጥን ጎኖችን በ45 ዲግሪ ጠርዝ ሲገጥሙ፣ ወይም በጣሪያና በግድግዳ መጋጠሚያ ላይ የሚለጠፈውን የጌጥ እንጨት ሲቆርጡ ነው። ተንሸራታች በሚባለው ላይ ሦስተኛ እንቅስቃሴ ይጨመራል፤ የመጋዙ ራስ በሁለት ዘንጎች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሰፊ ጣውላ ይቆርጣል።

የማይንሸራተት ባለ 10 ኢንች መጋዝ ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ 140 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ይደርሳል፤ ባለ 12 ኢንቹ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ተንሸራታቾቹ ግን፣ 216 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው ትንሹ ሳይቀር፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይሄዳሉ። ይህ ቁጥር ክንዱ በዞረ መጠን እንደሚያንስ አይርሱ። በ45 ዲግሪ የሚሄድ ቁርጥ ጣውላውን በሰያፍ ስለሚያቋርጥ የ90 ሚሊ ሜትሩ ጣውላዎ ለዲስኩ 127 ሚሊ ሜትር ይሆንበታል። በ45 ዲግሪ የሚቆርጡትን በጣም ሰፊውን ጣውላ ወስደው ስፋቱን በ1.4 ያባዙት፤ ውጤቱ መጋዙ ቀጥ ብሎ ከሚቆርጠው ስፋት ካልበለጠ መጋዙ ይበቃዎታል ማለት ነው። የእርስዎ 127 ስለሆነ ባለ 10 ኢንቹ ይበቃል።

አሁን ከስፋቱ ይልቅ ወደማስቀድመው ጉዳይ ልምጣ። መጋዙ 45 ዲግሪ ላይ ቆሟል ብለው ሲያምኑት በእውነት 44.5 ዲግሪ ላይ ቆሞ ቢሆን፣ ያ ግማሽ ዲግሪ በአንድ ቁርጥ ላይ በዓይን አይለይም። ፍሬም ግን አራት ጥግና ስምንት ቁርጥ አለው፤ ስምንት ጊዜ ግማሽ ዲግሪ ደግሞ 4 ዲግሪ ነው። ሦስቱን ጥጎች ኮላ ቀብተው ግጥም ካደረጓቸው ስሕተቱ በሙሉ ተጠራቅሞ አራተኛው ጥግ ላይ ይወጣል፤ በ90 ሚሊ ሜትር ጣውላ ላይ ክፍተቱ በሰፊው በኩል 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እርሳስ ይገባበታል። ክፍተቱን በሞርሳ አስጨንቆ ለመዝጋት መሞከር ፍሬሙን ያጣምመዋል እንጂ አያስተካክለውም።

የእኔ የመጀመሪያ መጋዝ ትልቅ ተንሸራታች ነበር። በሠራኋቸው ፍሬሞች ሁሉ አንዱ ጥግ አልገጥም ሲለኝ ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ ብዙ ደረቅ ጣውላ አበላሽቻለሁ። በመጨረሻ ሶኬቱን ነቅዬ የመጋዙን ራስ እስከ ዘንጉ ጫፍ ድረስ ጎተትኩትና በሁለት ጣቶቼ ወደ ጎን ገፋ አደረግሁት፤ የዲስኩ ጥርሶች ከምልክቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሄደው ሲመለሱ ተመለከትኩ። ማዕዘኑን በስኳድራ አስተካክዬው ነበር፤ ነገር ግን መጋዙ ያስተካከልኩለትን ማዕዘን አይዝም ነበር። የተዛባ ማዕዘን ሁለት ብሎን ላልቶ በጥቂት ደቂቃ ይስተካከላል፤ የላላ ዘንግና የላላ ማጠፊያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ጋር የሚኖር ጉድለት ነው።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑ ከኤሌክትሪክ እንደተነቀለ ይሞክሩት። እጀታውን ዝቅ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት፤ ተንሸራታች ከሆነ ይህንኑ ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ጎትተው ይድገሙት። ክብ ጠረጴዛውን በየማቆሚያው ላይ፣ በ0፣ በ15፣ በ22.5፣ በ30 እና በ45 ዲግሪ ላይ፣ እያስቀመጡ ማቆሚያው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚወላገድ መሆን አለመሆኑን በእጅዎ ይፈትሹ። ከዚያም ከ45 ዲግሪ ጥቂት ፈቀቅ አድርገው፣ 44.7 ዲግሪ ላይ ያህል፣ ለማሰር ይሞክሩ፤ አንዳንዱ መጋዝ ወደ ማቆሚያው ካልተመለስኩ ይላል። የክፍል ጥግ ሁልጊዜ 90 ዲግሪ ስለማይሆን ይህ ባሕርይ በኋላ ያስቸግርዎታል። ጣውላ የሚደገፍበት፣ ከኋላ የቆመው ብረት፣ ከዚህ በኋላ መደገፊያ የምለው፣ በግራና በቀኝ ያሉት ክፍሎቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆናቸውንም የብረት ማስመሪያ አጋድመውበት ያረጋግጡ።

ገዝተው ቤት ካስገቡት በኋላ የሚያደርጉት ሌላ ፈተና አለ። ሁለቱ ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ፣ 100 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋ ቁራጭ ጣውላ በ0 ዲግሪ መሃል ለመሃል ይቁረጡ። አንዱን ግማሽ በጀርባው ገልብጠው፣ ተቃራኒው ጠርዙ በመደገፊያው ላይ እንዲያርፍ አድርገው የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ያጋጥሙ። ቁርጡ ትክክል ከሆነ ጫፎቹ ብርሃን አያሳልፉም፤ ትክክል ካልሆነ የሚያዩት ክፍተት የስሕተቱ እጥፍ ስለሆነ ትንሿ መዛባት እንኳ ጎልታ ትታያለች። ለ45 ዲግሪ ደግሞ ሁለት ቁራጮች ቆርጠው በማጋጠም ውስጡን በስኳድራ ይለኩ፤ በግራም በቀኝም ያድርጉት፤ አንዱ ጎን ተስተካክሎ ሌላው የሚዛባበት ጊዜ አለና።

ባለ 12 ኢንች ዲስክ ወፍራምና ከፍ ያለ እንጨት ስለሚቆርጥ ለትልልቅ ሞራሌዎችና ለረጃጅም የጌጥ እንጨቶች ይጠቅማል። ዲስኩ በሰፋ መጠን ግን ጠርዙ የመታጠፍ ዕድል ያገኛል፤ በተለይም 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚቆርጥ ቀጭን ዲስክ ሲገጠምበት፣ በሰያፍ ቁርጥ ላይ ጥርሶቹ ወደ ለስላሳው የእንጨት ክፍል ሸሸት ይላሉ። ከክፍልዎ ጥበት አንጻርም የተንሸራታቹ ዘንጎች ብዙዎቹ ወደ ኋላ ስለሚወጡ ማሽኑን ከግድግዳ ማስጠጋት አይችሉም፤ ዘንጋቸው ወደ ፊት የሚሄድ ወይም በመታጠፊያ ክንድ የሚንቀሳቀሱ ሞዴሎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ክብደቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ የማይንሸራተተው ባለ 10 ኢንች ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ግራም ስለማይበልጥ አንድ ሰው አንሥቶ ያስቀምጠዋል፤ ትልቁ ተንሸራታች ግን ከ25 ኪሎ ግራም ስለሚዘል የጠረጴዛው ቋሚ ነዋሪ ይሆናል።

የ250 ሚሊ ሜትር መደርደሪያዎችዎን በተመለከተ፣ የሚያስፈልጋቸው ቀጥታ ቁርጥ ብቻ ስለሆነ በእጅ በሚያዝ ክብ መጋዝ፣ ቀጥ ያለ መምሪያ ጣውላ በሁለት ሞርሳ አስረው፣ በንጽሕና መቁረጥ ይችላሉ። በትንሹ መጋዝ ከአንድ ወገን ቆርጠው ጣውላውን ገልብጠው ከሌላው ወገን መጨረስም ይቻላል፤ እኔ ግን መሃሉ ላይ ደረጃ ስለሚተው ለሚታይ ጠርዝ አልመርጠውም። ሥራዎ ወደ መደርደሪያ ካደላና ፍሬሙን አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ፍርዴ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ 216 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለውን ትንሽ ተንሸራታች ይፈልጉ። ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ውፍረት መቁረጡ ለቤት ሥራ ይበቃል። ጣውላን በርዝመቱ መሰንጠቅ ግን የየትኛውም ማይተር መጋዝ ሥራ አይደለም፤ አይሞክሩት።

ስለ ቀሩት ነገሮች በአጭሩ ልናገር። የቁርጡን መስመር ከሚያሳዩ መብራቶች መካከል እኔ የምመርጠው በዲስኩ ላይ ከላይ ብርሃን እየጣለ ጥላውን በጣውላው ላይ የሚያሳርፈውን ነው፤ ጥላው ዲስኩ የሚበላውን ስፋት በትክክል ያሳያል፤ መስተካከልም አይፈልግም። ሌዘሩ ብዙ ጊዜ የቁርጡን አንድ ጎን ብቻ ያሳያል፤ በየጊዜውም መታረም አለበት። ቁልፉን ሲለቁ ዲስኩን በሰከንዶች ውስጥ የሚያቆም የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ያንን ያስቀድሙ። የማሽኑ ከረጢት ሰጋቱራውን በሙሉ እንደማይሰበስብ ይወቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 በሰው ላይ ካንሰር በሚያስከትሉ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ስለዚህ ከመምጠጫ ማሽን ጋር ያገናኙት፤ ጭምብልም ያድርጉ።

ጥያቄ፦ መጋዜ አዲስ ነው፤ ነገር ግን ኮምፔንሳቶ ስቆርጥ በሥሩና በጀርባው በኩል ስንጣሪ እየተነሣ ጠርዙን ያበላሽብኛል። የተሻለ ማሽን መግዛት ነበረብኝ?

መልስ፦ ማሽኑን ከመውቀስዎ በፊት ዲስኩን አውጥተው ጥርሱን ይቁጠሩ። ከመጋዙ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 40 ጥርስ ያለው፣ ለግንባታ እንጨት የሚሆን ነው። ለባለ 10 ኢንች መጋዝ 60 ጥርስ ለሁሉም ሥራ መካከለኛ ነው፤ ለኮምፔንሳቶ፣ ለፍሬምና ፊቱ ለሚታይ እንጨት 80 ጥርስ እመክራለሁ። ከመጋዙ ዋጋ የተወሰነውን ቀንሶ ጥሩ ዲስክ ላይ ማዋል የሚያስቆጭ አይደለም፤ መካከለኛ መጋዝ በጥሩ ዲስክ የሚያወጣውን ጠርዝ ውድ መጋዝ በደካማ ዲስክ አያወጣውም።

ከጥርሱ ቁጥር ሌላ የጥርሱን ማጋደል ይመልከቱ። ጥርሱ ወደ ፊት በጣም ያጋደለ ዲስክ እንጨቱን ስቦ ይውጣል፤ ይህ ጣውላን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ለተሠሩ የጠረጴዛ መጋዞች መልካም ነው፤ በማይተር መጋዝ ላይ ግን፣ በተለይ በተንሸራታቹ ላይ፣ ዲስኩ በእንጨቱ ላይ ወጥቶ ወደ እርስዎ እንዲዘል ያደርጋል። ማጋደሉ ከ5 ዲግሪ በታች ያለ ዲስክ ይፈልጉ። የመሃል ቀዳዳው ከመጋዝዎ ዘንግ ጋር የሚገጥም፣ በላዩ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነትም ከመጋዝዎ ፍጥነት የማያንስ መሆን አለበት።

ስንጣሪው ለምን በሥርና በጀርባ ብቻ እንደሚነሣ ልንገርዎት፦ የማይተር መጋዝ ጥርስ በጣውላው ከላይና ከፊት ገብቶ በሥርና ከኋላ ይወጣል፤ ስንጣሪ የሚነሣውም ጥርሱ በሚወጣበት በኩል፣ ቃጫውን ከኋላ የሚደግፈው ነገር ሲያጣ ነው። ስለዚህ የሚታየውን ፊት ወደ ላይ፣ የሚታየውን ጠርዝ ወደ ራስዎ አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ በመደገፊያውና በጠረጴዛው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኤም ዲ ኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ) ያስሩና አንድ ጊዜ ቆርጠው ያልፉበት፤ ዲስኩ የራሱን ጠባብ መንገድ ብቻ ስለሚከፍት ቃጫው እስከ መጨረሻው ተደግፎ ይቆረጣል። መንገዱ የት እንዳለ ስለሚታይም ምልክትዎን በቀላሉ ያጋጥማሉ። እኔ ያለዚህ አንድም ፍሬም አልቆርጥም።

ጥያቄ፦ በሳሎኔ ጣሪያ ዙሪያ የጌጥ እንጨት ልለጥፍ ነው። በመጋዜ ላይ 31.6 እና 33.9 የሚሉ እንግዳ ምልክቶች አሉ፤ ምንድን ናቸው? ለዚህ ሥራስ ዲስኩ በሁለቱም ወገን የሚያጋድል መጋዝ ግድ ነው?

መልስ፦ ሁለቱ ምልክቶች የተቀመጡት ለዚሁ ሥራ ነው። የጣሪያ ጌጥ እንጨት ጀርባው ከግድግዳው ጋር ማዕዘን ሠርቶ ዘንበል ብሎ ይለጠፋል፤ በገበያ ላይ ከሚገኙት አንዱ የተለመደ ዓይነት ከግድግዳው 38 ዲግሪ ይርቃል። ይህን እንጨት በጀርባው አጋድመው ለ90 ዲግሪ ጥግ ሲቆርጡ ክንዱ 31.6 ዲግሪ መዞር፣ ዲስኩም 33.9 ዲግሪ ማጋደል አለበት። ከግድግዳው 45 ዲግሪ ለሚርቀው ዓይነት ግን ቁጥሮቹ 35.3 እና 30 ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እንጨቱን በስኳድራ ጥግ ውስጥ እንደሚለጠፈው አድርገው አስገብተው የትኛው ዓይነት መሆኑን ይለዩ፤ በምልክቱ ብቻ ተማምነው የተሳሳተውን ዓይነት ከቆረጡ ጥጉ ፈጽሞ አይገጥምም።

በሁለቱም ወገን የሚያጋድል ዲስክ እንጨቱን ከጫፍ ጫፍ ከማገላበጥ ያድንዎታል፤ ግራና ቀኝ መምታታትንም ይቀንሳል። ለአንድ ሳሎን ብሎ መግዛት ግን አያስፈልግም። መደገፊያው በቂ ቁመት ካለው እንጨቱን ገልብጠው፣ በጣሪያው በኩል የሚውለውን ጠርዝ በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ፣ በግድግዳው በኩል የሚውለውን በመደገፊያው ላይ አድርገው ዘንበል እንዳለ ያቁሙት፤ ያን ጊዜ ዲስኩን ሳያጋድሉ ክንዱን 45 ዲግሪ ማዞር ብቻ ይበቃል። እንዳይንሸራተት ከፊቱ አንድ ዘንግ እንጨት ወደ ጠረጴዛው ይሰሩለት። የቤትዎ ጥግ 92 ዲግሪ ሆኖ ካገኙት ለእያንዳንዱ ወገን 44 ያድርጉ፤ በዚህም ላይ መጀመሪያ በሁለት አጫጭር ቁራጮች ሞክረው ጥግ ላይ ይያዟቸው።

ጥያቄ፦ ትናንት አንድ ረጅም ጣውላ ስቆርጥ ግማሽ ላይ ዲስኩ ተያዘ፤ ደንግጬ ራሱን ወደ ላይ ስስበው ቁራጩ ተወርውሮ ግድግዳውን መታ። እኔ አልተጎዳሁም። መጋዙን ለሻጩ ልመልሰው?

መልስ፦ እንኳን ተረፉ። መጋዙ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ የነገሩን ሁሉ የተጣመመ ጣውላን ያመለክታል። ጣውላ እንደ ቀስት ሲጎብጥ ጎድጓዳው ወገን ወደ መደገፊያው ከዞረ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ይደገፋሉ፤ ዲስኩ በሚቆርጥበት ቦታ ከኋላው ባዶ ነው። ቁርጡ ሊያልቅ ሲል ጣውላው ወደ ባዶው ስፍራ ይሰበርና ሁለቱ ወገኖች ዲስኩን እንደ መንጋጋ ይነክሱታል። የጎበጠው ወገን ወደ መደገፊያው ሲዞር ግን ጣውላው የሚነካው በቁርጡ ቦታ ላይ ስለሆነ ቁርጡ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም። የረጅም ጣውላ ጫፍ ሳይደገፍ ወደ ታች ሲንጠለጠልም ተመሳሳይ መያዝ ስለሚያመጣ፣ ከመጋዙ ጠረጴዛ እኩል ቁመት ያለው ድጋፍ በሁለቱም በኩል ያድርጉ።

ዲስኩ ሲያዝ መጀመሪያ ቁልፉን ይልቀቁ፤ ራሱን ባለበት ይዘው ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም ይጠብቁ፤ ሶኬቱን ከነቀሉ በኋላ ጣውላውን ያላቁ። በጤናማ ቁርጥም ቢሆን ልማዱ ይኸው ነው፤ ዲስኩ ሙሉ ፍጥነት ሳይዝ ወደ እንጨቱ አይወርድም፤ ሳይቆምም ወደ ላይ አይነሣም። እጅዎን ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁ፤ ለዚህ የማይበቃ አጭር ቁራጭ በሞርሳ ይታሰር፤ እጆችዎንም በዲስኩ ፊት አያጣልፉ። መጋዝዎ ተንሸራታች ከሆነ ራሱን መጀመሪያ ወደ ራስዎ ጎትተው፣ ዝቅ አድርገው፣ ወደ መደገፊያው እየገፉ ይቁረጡ፤ ወደ ራስዎ እየጎተቱ የሚቆርጡ ከሆነ ዲስኩ በጣውላው ላይ ይወጣብዎታል።

ያ ጣውላ እስካሁን ካልተጣለ ከኤሌክትሪክ በተነቀለው መጋዝ ላይ ትናንት እንደነበረ መልሰው ያስቀምጡትና በጣውላውና በመደገፊያው መካከል ከላይ ይመልከቱ። በዲስኩ አንጻር ብርሃን ካዩ ምክንያቱን አግኝተውታል፤ ጣውላውን አዙረው የቀረውን ይቁረጡ።